ከአንድ ዲሽ ለ32 ቤት፦ የሳተላይት ቴሌቪዥን በኬብል ለመንደር የማከፋፈል ዝርዝር መመሪያ

ይህን ሥራ ሞክረው ከሚያቋርጡ ሰዎች የሚሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያው ቤት ጥርት ያለ ሥዕል ያያል፣ አምስተኛው ነጠብጣብ ያያል፣ አሥረኛው ምንም አያይም። ከዚያ ሰው ሁሉ ዲሹ ላይ ይወጣል። ዲሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ ያለው ሲግናሉ ከሪሲቨሩ ወጥቶ ቤት እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ዲሽ ባጭሩ፣ ስለ መስመር ግን በሰፊው ተጽፏል።

ምሳሌያችን በመንገድ ዳር የተሠሩ 32 ቤቶች፣ 260 ሜትር መስመርና 8 ቻናል ነው። መንደራችሁ ከዚህ ካነሰ ስሌቱ ይቀላል፤ ከበለጠ ምን እንደሚጨመር በደረጃ 5 መጨረሻ ላይ አለ።

ዕቃ ሳትገዙ ወስኑ

ቤቶቹ ምን ያህል ይቀራረባሉ? በቤትና በቤት መካከል ያለው ርቀት ከ60 ሜትር በላይ ከሆነ ይህን ሥራ ተዉት። ለኬብሉ የምታወጡት ገንዘብ ለየቤቱ ዲሽና ሪሲቨር ይገዛል።

በኬብል ወይስ በአየር? በኬብል። በትንሽ ማሰራጫ አየር ላይ መልቀቅ የሚቀል ይመስላል፤ ግን ፍሪኩዌንሲ ያለ ፈቃድ አይነካም። የፍሪኩዌንሲ ጉዳይ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው (አዋጅ ቁጥር 1148/2011)፤ የብሮድካስት ፈቃድ ደግሞ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን (አዋጅ ቁጥር 1238/2013)። በኬብል ስትሠሩም፣ በተለይ ወርሃዊ ክፍያ የምትሰበስቡ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን በጽሑፍ አመልክቱ፤ የጣቢያዎቹንም ፈቃድ ጠይቁ። የክፍያ ካርድ ያለበትን ሪሲቨር ለመንደር ማከፋፈል ግን ከነጭራሹ አታስቡ፤ ካርዱ የሚሸጠው ለአንድ ቤት ነው።

አናሎግ ወይስ ዲጂታል? በመንደሩ ውስጥ ኋላው የወጣ አሮጌ ቴሌቪዥን ካለ አናሎግ ሥሩ፤ አሮጌውም አዲሱም ያነበዋል። ሁሉም ቤት ዲቪቢ-ቲ (በአንቴና ቀዳዳ የሚገባ ዲጂታል ሲግናል) የሚቀበል ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ካለው ብቻ ትራንስሞዱሌተር የሚባለውን፣ የሳተላይቱን ዲጂታል ሲግናል ሳይፈታ ወደ ዲቪቢ-ቲ የሚቀይረውን ሳጥን ግዙ። እሱን የገዙ ሰዎች የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ። ሲምቦል ሬቱ (የዳታ ፍጥነቱ መለኪያ) 45000 የሆነ አንድ የሳተላይት ትራንስፖንደር፣ ማለትም ብዙ ጣቢያ በአንድነት የሚጫንበት የሳተላይት ቻናል፣ የሚይዘው ዳታ፣ አንድ የዲቪቢ-ቲ ቻናል ከሚችለው ከ31.67 ሜጋቢት በሰከንድ በእጥፍ ይበልጣል። ሁሉንም ጣቢያ በአንድ ቻናል ካጎራችሁት የሁሉም ሥዕል ይቆራረጣል። ጣቢያዎቹን መርጣችሁ ለሁለትና ለሦስት ቻናል አካፍሉ። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ስለ አናሎጉ ነው።

የሚገዙ ዕቃዎች

- 1.2 ሜትር ዲሽ፣ ባለ 60 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ ምሰሶ
- አንድ ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ተቀምጦ ሲግናሉን የሚቀበለው ክፍል፤ ላዩ ላይ 9750/10600 የሚል)፣ አንድ መጠባበቂያ
- 8 ኤችዲ ሪሲቨር (ዲቪቢ-ኤስ2 የሚያነብ)፣ አንድ መጠባበቂያ
- ባለ 8 መውጫ የሳተላይት ስፕሊተር፣ ላዩ ላይ እስከ 2400 ሜጋኸርዝ የሚል የተጻፈበት
- 8 ሞዱሌተር (የሪሲቨሩን ሥዕልና ድምፅ ወደ አንድ የቴሌቪዥን ቻናል የሚቀይር ሳጥን፣ ለየሪሲቨሩ አንድ)፣ በፓል ቢ/ጂ የአናሎግ ሥርዓት የሚሠራ፣ ቻናሉ የሚመረጥ፣ ጎን ለጎን ባሉ ቻናሎች ላይ መሥራት የሚችል
- ባለ 8 መግቢያ ማዋሃጃ (ኮምባይነር)
- የመስመር አምፕሊፋየር፣ ቢያንስ 30 ዲቢ (ዴሲቤል፣ ሲግናል ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ መለኪያ) የሚያጎላ፣ ከፍተኛ መውጫው 114 ዲቢማይክሮቮልት (የሲግናል ኃይል መለኪያ)
- ለዋናው መስመር ተሸካሚ ሽቦ ያለው አርጂ 11 (ወፍራሙ የቴሌቪዥን ኬብል) 300 ሜትር፤ ወደየቤቱ ለሚገባው አርጂ 6 (ቀጭኑ) 1000 ሜትር ገደማ
- ባለ 8 መውጫ ታፕ (ከመስመሩ ላይ ለቤቶች ሲግናል የሚቆነጥር ሳጥን፤ የቁጥሮቹ ትርጉም ደረጃ 5 ላይ አለ)፦ 29፣ 26፣ 20 እና መጨረሻ ላይ የሚገባ 11
- የሚጨመቅ ኤፍ ኮኔክተር 100፣ መጨመቂያው፣ የኬብል መላጫ፣ ባለ 75 ኦም መዝጊያዎች
- ሲግናል ሜትር፤ መግዛት ካልቻላችሁ ለአንድ ሳምንት ተዋሱ

እየጠመዘዙ የሚያስገቡትን ርካሽ ኮኔክተር አትግዙ። ቆጥባችሁ ያገኛችሁትን ብር መጀመሪያው ክረምት ይበላዋል።

ደረጃ 1፦ ዲሹን መትከልና ማነጣጠር

የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚገኙበት ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ኤንኤስኤስ 12 በሚባል ሳተላይት ላይ ነው። በየቤቱ 60 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ይበቃል፤ እዚህ ግን 32 ቤት በአንድ ዲሽ ላይ ስለተንጠለጠለ 1.2 ሜትር ያስፈልጋል። ከ90ው በ2.5 ዲቢ ይሻላል፤ ዶፍ ሲወርድ ልዩነቱ ይታያል። ትልቅ ዲሽ ግን ለስህተት ትዕግሥት የለውም፦ 0.8 ዲግሪ ብትስቱ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል።

1. ምሰሶውን 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ኮንክሪት ትከሉ። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በቱንቢ ወይም በውሃ ልክ በሁለት ጎን ለኩ። ምሰሶው ካዘመመ በዲሹ ጀርባ ላይ ያለው የዲግሪ ምልክት ሁሉ ውሸት ይሆናል።

2. አቅጣጫውን በኮምፓስ ውሰዱ። ኮምፓሱን ከብረት ምሰሶው ቢያንስ 3 ሜትር አርቃችሁ ያዙት። ዲግሪው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ነው የሚቆጠረው፦

- አዲስ አበባ፦ አቅጣጫ 115፣ ከፍታ 66፣ የኤልኤንቢ ማዘንበያ 63
- ጎንደር፦ 122፣ 63፣ 56
- መቀሌ፦ 126፣ 64፣ 51
- ጅጅጋ፦ 123፣ 70፣ 56
- አርባ ምንጭ፦ 107፣ 66፣ 72

መንደራችሁ በእነዚህ መካከል ከሆነ መካከለኛውን ውሰዱ።

3. ከፍታው 66 ዲግሪ ነው ማለት የዲሹ ፊት ወደ ሰማይ ይገለበጣል ማለት አይደለም። የተለመደው ኦፍሴት ዲሽ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ የሚሆነውን በቅርጹ ስለሚይዝ፣ ፊቱ ከቀጥታ ቁም 42 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚጋደመው። ብዙ ሰው ሲግናል የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ዲሹን እንደ ገበታ ያስተኛዋል።

4. ኤልኤንቢውን አዙሩ። ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሳተላይቱ እያያችሁ፣ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ። አዲስ አበባ አካባቢ 63 ዲግሪ ስለሆነ ኤልኤንቢው ከመቆም ይልቅ ወደ መተኛት የቀረበ ይመስላል፤ አትደንግጡ። ቀጥ አድርጋችሁ ብትተዉት ሆሪዞንታሉና ቨርቲካሉ (ሲግናል የሚላክባቸው ሁለት የሞገድ አቋሞች) ይደባለቁና የሲግናል ጥራቱ ከፍ አልል ይላል።

5. ሪሲቨሩን ዲሹ ሥር አምጡ፤ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገቡ። ካልያዘ፣ በአቅራቢያው ከሚሠራ የማንም ቤት ሪሲቨር ላይ የወቅቱን ቁጥር ገልብጡ፤ ፍሪኩዌንሲ አንዳንዴ ይቀየራል። ዲሹን በጣም በዝግታ አንቀሳቅሱ፤ ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ 3 ሰከንድ ጠብቁ።

6. የምታዩት ጥራቱን የሚያሳየውን መስመር ነው፣ ኃይሉን የሚያሳየውን አይደለም። የኃይሉ መስመር ኤልኤንቢው በመሰካቱ ብቻ ከፍ ይላል። ጥራቱ ጫፍ ሲደርስ ብሎኖቹን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ አንዱን ብቻ ጥርቅም ካደረጋችሁት ዲሹ ይጎተትና ይስታል።

ደረጃ 2፦ ስምንቱ ሪሲቨሮች

የምትፈልጓቸው ጣቢያዎች ሁሉም ሆሪዞንታልና ከ11700 በታች ከሆኑ አንድ ኤልኤንቢና አንድ ስፕሊተር ይበቃችኋል። አንድ እንኳ ቨርቲካል ካለ ስፕሊተሩ አይሠራም፤ ያኔ ስምንት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ግዙና ለየሪሲቨሩ የራሱን ኬብል አውርዱ።

ከዲሹ እስከ ክፍሉ ያለውን ኬብል ከ30 ሜትር አታስበልጡ። በዚህ ፍሪኩዌንሲ አርጂ 6 በ100 ሜትር 25 ዲቢ ያህል ይበላል፤ ስፕሊተሩ ደግሞ ከ12 እስከ 14 ይጨምራል።

ስፕሊተሩን ከመሰካታችሁ በፊት ሪሲቨሮቹን ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ። ኬብሉ ውስጥ 18 ቮልት አለ፤ የመሐል ሽቦው ከጎኑ ጋር ቢነካካ የሪሲቨሩ የኤልኤንቢ ኃይል ይቃጠላል። ከስፕሊተሩ መውጫዎች ኃይል የሚያሳልፈው አንዱ ብቻ ከሆነ (ምልክቱ በቀይ ወይም በመስመር ይሳልበታል)፣ እዚያ ላይ የተሰካው ሪሲቨር ሲጠፋ ስምንቱም ይጠፋሉ። በላዩ ላይ «አይጠፋም» ብላችሁ ለጥፉ።

ከዚያ በየሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ እነዚህን አስተካክሉ፦

- የቪዲዮ መውጫው ፓል ይሁን፣ አውቶማቲክ አይሁን
- በራሱ የሚጠፋበትን ሰዓት ዝጉት። ብዙ ሪሲቨር ለሦስትና ለአራት ሰዓት ሪሞት ካልተነካ ራሱን ያጠፋል። «ሦስተኛው ቻናል ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል» የሚባለው ከዚህ ነው
- መብራት ሄዶ ሲመጣ በነበረበት ቻናል ላይ እንዲነሳ አድርጉ
- ሰፊው ሥዕል በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ እንዳይጠብ፣ ከላይና ከታች ጥቁር የሚተወውን ምረጡ
- ድምፁን ከ80 በመቶ ላይ አቁሙ፣ ስምንቱም ላይ እኩል

አሁን ሪሞቱ። ስምንቱም አንድ ዓይነት ሪሲቨር ስለሆኑ አንዷን ሪሞት ስትጫኑ ስምንቱም ይታዘዛሉ። የሪሲቨሩን ዓይን፣ ያቺን ጠቆር ያለች የፊት መስኮት፣ በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ሁለት ጊዜ ደርባችሁ ሸፍኑ። አንድ ንብርብር ብርሃኑን ያሳልፋል። ማስተካከል ስትፈልጉ የአንዱን ብቻ አንሱ፣ ሥሩ፣ መልሱ።

ደረጃ 3፦ ሞዱሌተሮቹ

ከየሪሲቨሩ ቢጫውን ለቪዲዮ፣ ነጩን ለድምፅ ወደየራሱ ሞዱሌተር አስገቡ።

ቻናሎቹን ከ5 እስከ 12 በቪኤችኤፍ ላይ አስቀምጡ፣ ማለትም ከ174 እስከ 230 ሜጋኸርዝ። እያንዳንዱ 7 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ስምንቱ ልክ ይሞሉታል። ብዙዎች ከልማድ ከዚህ ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ፣ ዩኤችኤፍን ይመርጣሉ፤ ይህ የመጨረሻዎቹን ቤቶች አስቀድሞ መግደል ነው። አርጂ 11 በ200 ሜጋኸርዝ በ100 ሜትር 6 ዲቢ ሲበላ፣ በ800 ከ12 በላይ ይበላል።

ሞዱሌተሩ ርካሽ ከሆነ፣ ጎን ለጎን መሥራት እንደሚችል ካልተጻፈበት፣ ሥዕሉን ወደ ታችኛው ቻናልም ይረጨዋል። እንዲህ ከሆነ አንድ እየዘለላችሁ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ላይ አራቱን፣ የቀሩትን በዩኤችኤፍ መጀመሪያ 21፣ 23፣ 25፣ 27 ላይ አድርጉ። ያኔ ግን የደረጃ 5ን ስሌት ለዩኤችኤፉ እንደገና ሥሩ፤ መስመሩም ያጥራል።

ከዚያ በየተራ አስተካክሉ፦

1. የድምፁ ርቀት 5.5 ሜጋኸርዝ መሆኑን አረጋግጡ። 6.5 ወይም 4.5 ላይ ከተቀመጠ ሥዕሉ ያምራል፣ ድምፁ ግን ጭርር ብቻ ነው።

2. የቪዲዮውን መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ጥቁሩና ነጩ በደንብ እስኪለይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ዜና ላይ ነጭ ጽሑፍ ከታች ሲያልፍ አዳምጡ። ጽሑፉ ብቅ ባለ ቁጥር ድምፁ ዝዝዝ ካለ ቪዲዮው በዝቷል፤ ዝዝታው እስኪጠፋ መልሱና ሌላ ቅንጣት ቀንሱ።

3. የሁሉንም መውጫ 90 ዲቢማይክሮቮልት ላይ እኩል አድርጉ (ከዚህ በኋላ የሲግናሉን ኃይል ስንጠራ በአጭሩ «ዲቢ» የምንለው ይህንኑ ነው)። ጎረቤት ቻናሎች ከ2 ዲቢ በላይ ከተበላለጡ ጠንካራው ደካማውን ይበላዋል። የድምፁ ኃይል ከሥዕሉ በ15 ዲቢ ገደማ ይነስ።

ደረጃ 4፦ ማዋሃድና ማጉላት

ስምንቱን ሞዱሌተሮች በማዋሃጃው አንድ አድርጉ። ማዋሃጃው 12 ዲቢ ይበላል፤ 90 ገብቶ 78 ይወጣል። ባዶ የቀረ መግቢያ ካለ በ75 ኦም መዝጊያ ዝጉት።

አምፕሊፋየሩን 24 ዲቢ ላይ አቁሙት፤ መውጫው 102 ይሆናል። መጠኑን እስከ መጨረሻው አትክፈቱት። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው 114 ለሁለት ቻናል የተለካ ነው፤ ስምንት ቻናል ሲገባበት ከ6 ዲቢ በላይ ቀንሳችሁ አስቡት። ከዚያ ስታልፉ ቻናሎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ሥዕሉ ላይ ሰያፍ መስመሮች ይጎተታሉ፣ ከአንዱ ቻናል ጀርባ የሌላው ጥላ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ደግሞ «ሲግናል አነሰ» ብሎ ይጨምርበታል። ምልክቱ መስመር ወይም ጥላ ከሆነ ቀንሱ፤ ነጠብጣብ ከሆነ ብቻ ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ መስመሩ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። የተለመደው ስህተት፦ ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር በየቤቱ እየሰኩ መቀጠል። እያንዳንዱ ስፕሊተር 4 ዲቢ ያህል ይወስዳል፤ አሥረኛው ቤት ጋ ስትደርሱ ኬብሉን ሳይጨምር 36 ዲቢ ጠፍቷል። መሐል መሐል ላይ አምፕሊፋየር ብትጨምሩም ነጠብጣቡንም አብራችሁ ታጎላላችሁ።

በስፕሊተር ፋንታ ታፕ ተጠቀሙ። ታፕ ከሚያልፈው ላይ ለቤቶቹ ጥቂት ቆንጥሮ ሌላውን ወደፊት ይለቃል። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቤት የሚወጣው በስንት ዲቢ እንደሚያንስ ነው። ትልቅ ቁጥር መጀመሪያ፣ ትንሽ ቁጥር መጨረሻ። ሁሉንም አንድ ዓይነት ቁጥር መግዛት ማለት የመጀመሪያውን ቤት ቴሌቪዥን ማጥለቅለቅ፣ የመጨረሻውን ማስጠማት ነው።

በአርጂ 11፣ በ230 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ 80 ሜትር 5 ዲቢ ይበላል። ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል፦

1ኛ ምሰሶ፣ በ20 ሜትር፦ 101 ዲቢ ይደርሳል። ታፕ 29። ለቤቶቹ 72 ይወጣል። ታፑ ቀሪውን ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሲያሳልፍ 1 ዲቢ ይወስዳል፤ ይህ ማለፊያው ነው።

2ኛ ምሰሶ፣ በ100 ሜትር፦ 95። ታፕ 26። ለቤቶቹ 69። ማለፊያው 1.5።

3ኛ ምሰሶ፣ በ180 ሜትር፦ 88.5። ታፕ 20። ለቤቶቹ 68.5። ማለፊያው 3።

4ኛ ምሰሶ፣ በ260 ሜትር፦ 80.5። መጨረሻ ላይ የሚገባው ታፕ 11። ለቤቶቹ 69.5።

ከታፑ እስከ ቤት 30 ሜትር አርጂ 6 ሌላ 3 ዲቢ ይበላል። ቴሌቪዥኑ ጋ ከ65 እስከ 69 ይደርሳል ማለት ነው፤ የምንፈልገው ከ60 እስከ 75 ነው። የማለፊያው ብክነት እንደየፋብሪካው ይለያያል፤ በገዛችሁት ታፕ ላይ የተጻፈውን እያስገባችሁ ስሌቱን በወረቀት መልሳችሁ ሥሩ።

መስመሩ ከ260 ሜትር በላይ ከሄደ፣ በአራተኛው ምሰሶ ላይ በመጨረሻው ታፕ ፋንታ የሚያሳልፍ ታፕ 17 አድርጉ። ከዚያ 76 ገደማ ስለሚተርፍ ሁለተኛ አምፕሊፋየር ገብቶ እንደገና ወደ 102 ያወጣዋል። ሁለተኛው አምፕሊፋየር መብራት ባለበት ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ሦስተኛ አትጨምሩ።

ምሰሶዎቹና ኬብሉ

የ7 ሜትር የባህር ዛፍ ምሰሶ 1.2 ሜትር ቅበሩ፤ የሚቀበረውን ክፍል ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። በ80 ሜትሩ መካከል ሌላ ምሰሶ ጨምሩ፤ በአንድ ውጥር 80 ሜትር ኬብል ይረግባል። መንገድ የሚያቋርጥበት ከ5.5 ሜትር አይነስ፤ ጭድ የጫነ አይሱዙ ኬብላችሁን ይዞ ይሄዳል። የሚወጠረው ተሸካሚ ሽቦው ነው እንጂ ኬብሉ አይደለም። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አትስቀሉ፤ የመብራት ሽቦ ቢበጠስና ቢያርፍበት በኬብሉ ተጉዞ 32 ቤት ይገባል።

ኬብሉ ታፕ ውስጥ ወይም ቤት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች የጎበጠ ዝቅታ ተዉለት፤ የዝናብ ውሃ ከዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ኮኔክተሩን ተከትሎ አይገባም።

ደረጃ 6፦ አንድ ኮኔክተር በትክክል መሥራት

በዚህ መስመር ላይ 80 ያህል ኮኔክተር አለ። አንዱን በደንብ መሥራት የቻለ ሰው ሁሉንም ይሥራ፤ ለብዙ ሰው አታከፋፍሉት።

1. ኬብሉን በስለት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በፒንሳ የተቆረጠ ጫፉ ይጨፈለቃል።

2. የውጭውን ጥቁር ልባስ 13 ሚሊ ሜትር ላጡ። መረቡን ወደ ኋላ፣ በልባሱ ላይ አጥፉት። ነጩን ፕላስቲክ ከጫፉ 7 ሚሊ ሜትር አንሱ፤ የመሐሉ ሽቦ ይቀራል። በነጩ ላይ የተጣበቀችውን ስስ አሉሚኒየም አትንኳት።

3. አሁን ጫፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ በቅርብ እዩ። ከመረቡ አንዲት እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር ወደ መሐሉ ሽቦ ዘንበል ብላ ከሆነ አውጧት። ይህቺ ክር ናት ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ምሰሶ ላይ የምታውለው።

4. ኮኔክተሩን ነጩ ፕላስቲክ ከውስጠኛው ወለል እኩል እስኪሆን ግፉ። የመሐሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ ከንፈር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይለፍ። ከረዘመ የታፑን ልብ ይሰብራል፤ ካጠረ አይነካም።

5. ጭመቁ፤ ከዚያ ጎትታችሁ ሞክሩ። ደጅ ላይ ያለውን ሁሉ ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ፕላስተር ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ። ከላይ ወደ ታች ከጠቀለላችሁ እጥፋቱ ውሃ ይሰበስባል።

ቤት ያልገባበትን የታፕ መውጫ ሁሉ በመዝጊያ ዝጉ።

ደረጃ 7፦ ቤት ውስጥ

ኬብሉን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ የአንቴና ቀዳዳ ላይ ሰኩ፤ አናሎግ ፍለጋ አስደርጉ። ሁለተኛ ቴሌቪዥን የሚሰካ ቤት ካለ በስፕሊተር እንጂ ሽቦ አጣምሮ አይሁን፤ አንድ ቤት ሽቦ ሲያጣምር ከሱ በታች ያሉት ቤቶችም ጥላ ያያሉ።

ሲግናል ሜትር ካልቀረላችሁ ባለ 10 ዲቢ መቀነሻ ያዙና በየቤቱ ከቴሌቪዥኑ በፊት ሰኩት። ሥዕሉ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ካመጣ ቤቱ በቂ አለው፤ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ያ ቤት ጠርዝ ላይ ነው፣ በመጀመሪያው ብልሽት ይጠፋል። ሲሰኩት ሥዕሉ ከተሻሻለ ደግሞ በዝቶበት ነበር፤ መቀነሻው እዚያው ይቅር።

ደረጃ 8፦ መብራት

ስምንት ሪሲቨር 80 ዋት፣ ሞዱሌተሮቹ 40፣ አምፕሊፋየሩ 10፤ በድምሩ 130 ዋት ያዙ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ ብታሠሩት 650 ዋት-ሰዓት ነው፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 765 ያህል ይሆናል።

ለሶላር፦ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አንድ ውሰዱ፤ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ አንድ ተኩል ምሽት ይይዛል። ለበጋ 220 ዋት ፓኔል ይበቃ ነበር፤ በሐምሌና በነሐሴ ስለማይበቃ ሁለት ባለ 200 ዋት አድርጉ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን። ኢንቨርተሩ የተስተካከለ ሞገድ የሚያወጣ ይሁን፤ ርካሹ በሥዕሉ ላይ የሚንሸራተት አግድም ቀበቶ ይጥላል።

ደረጃ 9፦ መብረቅ

ከዲሹ ምሰሶ 16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ አውርዳችሁ 1.5 ሜትር ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር እሰሩ። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት በመሬት ማገናኛ በኩል ይለፍ፤ እሱም ከዚያው ዘንግ ጋር ይታሰር። ሁለት የተለያየ መሬት አታድርጉ። ይህ ሁሉ ቀጥታ የመታን መብረቅ አያቆምም፤ ነጎድጓድ ከሩቅ ሲሰማ የዲሹን ኬብልና መስመሩን ከሳጥኖቹ ንቀሉ። ደመናው ከደረሰ በኋላ ግን ኬብል አትንኩ።

ሲበላሽ

ከቤት ጀምራችሁ ወደ ኋላ አትሂዱ፤ ከሪሲቨሩ ጀምራችሁ ወደ ፊት ሂዱ። ከየሳጥኑ በኋላ ትንሽ ቴሌቪዥን ሰክታችሁ እዩ።

አንድ ቻናል ብቻ በሁሉም ቤት ጠፋ፦ ሪሲቨሩ ወይም ሞዱሌተሩ ነው። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሥዕል ካለ ሪሲቨሩ ተኝቷል፤ ነጠብጣብ ብቻ ካለ ሞዱሌተሩ።

ሁሉም ቻናል በሁሉም ቤት «ሲግናል የለም» ይላል፦ ኃይል የሚሰጠው ሪሲቨር፣ ኤልኤንቢው ወይም ዲሹ። መጀመሪያ ሪሲቨሩን።

ከአንድ ምሰሶ በኋላ ያሉ ቤቶች ጠፉ፦ ከምሰሶው የሚወጣው ኮኔክተር። ውሃ ከገባበት የመሐሉ ሽቦ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ፤ እስከ ንጹሑ ድረስ ቆርጣችሁ አዲስ ሥሩ። ምንም ያህል ቢጠረግ የጠቆረ ኬብል አይመለስም።

አንድ ቤት ብቻ፦ መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን መሰኪያ፣ ከዚያ ታፑ ላይ የሱን መውጫ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ።

ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚቆራረጥ፦ ዶፍ ላይ ለደቂቃዎች ከሆነ ተዉት። ካፊያም የሚያጠፋው ከሆነ ዲሹ ስቷል ወይም ኤልኤንቢው ውስጥ ውሃ አለ። ከዝናቡ በኋላም የሚቆይ ከሆነ ኮኔክተር ነው።

በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንታትና በመስከረም አጋማሽ፣ ጥርት ባለ ሰማይ፣ ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ቻናል ከጠፋና ራሱ ከተመለሰ፣ በማግስቱም በዚያው ሰዓት ከደገመ፦ ፀሐይ ከሳተላይቱ ኋላ እያለፈች ነው። ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ዲሹን አትንኩ።